ከቆጣሪው ወዲህ

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው ፊቱ ባለሙያን ማክበር ነው፤ የማታውቀውን አትነካካ፣ የሚያውቀውን ጥራ ማለት ነው። በሁለተኛው ፊቱ ግን «ይኸ የእሱ ሥራ ነው፣ የእኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም» ለሚል ሰው ጥሩ መሸሸጊያ ይሆናል። እኛ ተማሪዎች፣ እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ከሁለተኛው ፊት ጥላ ሥር መቀመጥ እንወዳለን። ስለ ላብ አደሩ ግጥም እንጽፋለን፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ግን ባልዲ አስቀምጠን እናልፋለን።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ ታዲያ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። የቧንቧ ሥራ ያልተማረ ሰው የቤቱን ቧንቧ በገዛ እጁ መሥራት ይገባዋልን? «ይችላልን?» አላልንም። መቻሉንማ ጥቂት ትዕግሥትና ሁለት ሦስት መሣሪያ ያለው ሰው ሁሉ ሊሞክረው ይችላል። እኛ ያልነው «ይገባዋልን?» ነው። ጥያቄውን ያመጣብን ደግሞ መጽሐፍ ሳይሆን መሸንቲ ነው።

መሸንቲን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ እንደ ጢስ ዓባይና እንደ ዘጌ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ናት። ከመካከላችን የባሕር ዳር ኪራይ የከበደው ወደዚያ ወጥቶ ይከራያል። አንድ ግቢ፣ አምስት በር፣ አንድ ቆጣሪ። የውኃው ሂሳብ ሲመጣ ለአምስት ይካፈላል። ከአምስቱ በር አንዱ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። አንዱ የእኛ ነው። ጣና ሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ይዞ እዚያው አጠገባችን ተኝቷል፤ እኛ ግን ቀኑን ሙሉ የምንነታረከው ስለ አንዲት ግማሽ ኢንች ቧንቧ ነው።

ያቺ ቧንቧ ታንጠባጥብ ነበር። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው፤ ጠብታው ወፍራም ሆኖ አራቱ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላሉ ብለን ብናሰላ ከ21 ሊትር በላይ ይመጣል። አንድ ጀሪካን መሆኑ ነው፤ ሴት ልጅ በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ የምታመጣው፣ ሃያ ኪሎ የሚመዝነው፣ እሱ። ጠብታ ሲባል ሰው ይንቃል፤ ጀሪካን ሲባል ግን ወገቡ ያስታውሳል።

ባለሙያ ይጠራ ተባለ። ባለሙያው ባሕር ዳር ነው፤ ለአንዲት ጎማ ብሎ መሸንቲ ድረስ መምጣቱ አያዋጣውም፤ ቢመጣም የመንገዱን ጨምሮ የሚጠይቀው ዋጋ ከአምስቱ በር አንዱም የሚደፍረው አይደለም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። በመጨረሻ «እኛ እንሞክረው» አልን። በዚያውም እትዬ ምጣዳቸው ካለበት እስከ ጓሮ ግድግዳ ድረስ መስመሩን ጥቂት ሜትር እንድናስረዝምላቸው ለመኑን።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በእጅ መሥራት በሀገራችን ምን ያህል የተናቀ እንደነበረ የማያውቅ የለም። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ተብሎ ሲሰደብ ኖሯል፤ ማረሻውን ግን ከጠይቡ እጅ ያልወሰደ ገበሬ፣ ሸማውን ከሸማኔው ያልለበሰ መኳንንት አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ በአዋጁም የተሳዳቢው ስድብ በራሳቸው ላይ እንደተሰነዘረ እንደሚቆጠርና ተሳዳቢው እንደሚታሰር አሳስበዋል። በእኒሁ ንጉሥ ዘመን ነው ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ጋራ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ያወረደው። ቧንቧውና አዋጁ የአንድ ዘመን ልጆች መሆናቸው እኛን ደስ ይለናል። ይሁንና ቧንቧው ከአዋጁ ይልቅ ቶሎ ተስፋፋ። በዚሁ በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ብረትን፣ እንጨትን፣ ኤሌክትሪክን በእጅ እያስያዘ ሲያስተምር ኖሯል፤ እኛም ዛሬ የምንማርበት ዩኒቨርሲቲ አንዱ እግሩ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ካቻቢቴና ፒንሳ ያልያዘ እጅ በዚህ ቅጥር ግቢ ሊያፍር ይገባው ነበር። የሚያፍረው ግን አሁንም የያዘው ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ የምናውቀው ነገር ውኃ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለችውን መዝጊያ ዘጋን፤ ብትዘጋም መስመሩ ውስጥ የቀረ ውኃ አለና በግቢው ውስጥ ዝቅ ብላ ያለችውን ቧንቧ ከፍተን እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ የምታንጠባጥበውን ፈታናት። ውስጧ ያለችው ጎማ ተበልታ እንደ ጎባጣ ሳንቲም ሆናለች። የአዲሲቱ ዋጋ ከአንድ ሻይ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ሦስት ሳምንት ያጨቃጨቀን ነገር ይኸው ነው! ሰው ያልከፈተው ነገር ሁሉ ትልቅ ይመስለዋል፤ ወይም ደግሞ፣ ይኸኛው ይብሳል፣ ሁሉም ነገር ትንሽ ይመስለዋል።

ትንሽ የመሰለን መስመሩን ማስረዘሙ ነበር። ብረት ለብረት ሲጋጠም ጥርሱ ብቻውን ውኃ አይዝም። ድሮ ቃጫ በቀለም ተለውሶ ይጠመጠምበት ነበር፤ ዛሬ ነጩ ቴፕ አለ። ቴፑ የሚጠመጠመው ቧንቧው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ በግልባጩ ከተጠመጠመ ሲጠብቅ ይተረተራል። ይህችን አንዲት ነገር እጅ ካላወቃት አእምሮ ቢያውቃት ዋጋ የላትም። ሦስት ጊዜ ጠምጥመን ሦስት ጊዜ ፈታን፤ በአራተኛው እጃችን ራሱ «ይበቃል» አለን። ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚነግር ቁጥር የለም። ከላላ ያለቅሳል፣ ከጠበቀ ይሰነጠቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለችውን ነጥብ የሚያውቃት የእጅ አንጓ ነው። አርስጣጣሊስ ምግባርን በማብዛትና በማሳነስ መካከል ያለ ነው ሲል በክፍል ውስጥ አንብበን ነበር፤ ያን ቀን በቧንቧ ቁልፍ ተማርነው ብንል የሚስቅብን አይጥፋ።

ስለ ግፊትም እንዲሁ። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ስለዚህ ሦስት ሜትር ማማ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ከባር ሢሶ አይበልጥም፤ የከተማው መስመር ግን እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል። ቀን ሁሉም ሲቀዳ ይዝላል፤ ሌሊት ሰው ሲተኛ ይበረታል። ቀን ደረቅ የነበረ መጋጠሚያ እኩለ ሌሊት ላይ ሊያነባ ይችላል ማለት ነው። እኛም ይኸን ስለሰማን የመጀመሪያዋን ሌሊት በየተራ በባትሪ እየዞርን፣ በእያንዳንዷ መጋጠሚያ ሥር ደረቅ ወረቀት አንጥፈን ጠበቅን። ጠዋት ወረቀቶቹ ደረቅ ነበሩ። እትዬ «እጃችሁ ይባረክ ልጆቼ» ብለው ከምጣድ የወጣ ትኩስ እንጀራ ሰጡን። በልተን ተኛን።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የምንጽፈው ባልኖረን ነበር። በሳምንቱ ለሌላ ግቢ ሥራ የመጡ አንድ አዛውንት ቧንቧ ሠሪ ነበሩ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይኸን ይዩልን» አልናቸው። ዞር ዞር ብለው አዩ። መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉ፤ «አይ፣ ይዟል» አሉ። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጠየቁ፦ «ከእናንተ በታች ማን አለ?»

አልገባንም። «በዚህ መስመር ላይ ነው የምላችሁ። ከእናንተ ቀጥሎ የሚቀዳው ማነው?» አሉ። ከዚያም አስረዱን። ውኃ ሲቋረጥ መስመሩ ባዶ ሆኖ ዝም አይልም፤ በዝቅተኛው በኩል ሲፈስ ከከፍተኛው ይስባል። በዚያን ሰዓት አንዱ ቤት ጎማ ከቧንቧው አንስቶ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነክሮ ቧንቧውን እንደከፈተ ትቶት ከሆነ፣ የሳፋው እጣቢ በጎማው በኩል ወደ መስመሩ ይገባል። ውኃው ሲመለስ ያንን እጣቢ የሚጠጣው ከታች ያለው ሰው ነው። «መጋጠሚያ ቢያፈስ የምትከስሩት እናንተ ናችሁ፤ ይኼ ግን እናንተ ሳታውቁት ሌላው የሚታመምበት ነው። እኔ ቤት ስሠራ መጀመሪያ የማየው የቧንቧውን አፍ ነው፤ ከሳፋውም ከገንዳውም ጠርዝ ከፍ ብሎ በአየር ላይ መቅረት አለበት» አሉን። ዋጋቸውን ስንጠይቃቸው ሳቁና ሻይ ብቻ ጠጥተው ሄዱ።

እኛ የሰማነው የቧንቧ ትምህርት ብቻ አይደለም። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ እጁ የሚሠራው ነገር የራሱ ብቻ ነው ብለን እናምን ነበርና ያቺ ጥያቄ ሥሩን ነቀነቀችው። በውኃ አገልግሎት ዘንድ አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የመሥሪያ ቤቱ፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የደንበኛው። ቆጣሪው ድንበር ነው። ነገር ግን ቆጣሪው የሚቆጥረው ገንዘብ ነው እንጂ ኃላፊነት አይደለም። ውኃው ድንበሩን የሚያውቀው ወደ እኛ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ድንበር የለውም።

ከቤታችን ርቀን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 በላይ ሰው ፈጀ። ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾቹን በየቤታቸው ቆጥሮ መነሻው በመንገዱ ላይ ያለው የውኃ መቅጃ ጉድጓድ መሆኑን አሳየ። ኋላ የአጥቢያው ቄስ ሄንሪ ዋይትሄድ ነገሩን ሲከታተል ምን ተገኘ? ከጉድጓዱ አጠገብ በነበረ ቤት አንዲት ሕፃን ልጅ በተቅማጥ ታማ ነበር፤ እናቲቱ የልጇን ጨርቅ አጥባ እጣቢውን በቤቷ ምድር ቤት ባለው የቆሻሻ ጉድጓድ ደፋችው። የዚያ ጉድጓድ ግንብ ፈራርሶ ነበርና ወደ መጠጡ ውኃ ሰረገ። እናቲቱ ምን በደለች? ምንም። ማንኛዋም እናት የምታደርገውን አደረገች፣ ያውም በገዛ ቤቷ። በደል የሌለበት ጥፋት መኖሩ ነው ከባዱ ነገር። ግንቡን የገነባው ሰው ግን፣ ወይም ሲፈርስ እያየ ያልጠገነው፣ «የቤቴ ጉዳይ ነው» ማለት ይችል ነበርን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይኸን ስንነግራቸው «እንግዲያው ያልተማረ ሰው ጨርሶ አይንካ፤ ተረቱ ትክክል ነበር» አሉን። አንስማማም። ያልነካ ሰው ጥያቄዋን ራሷን አይሰማትም። ጎማዋን ባንፈታ፣ ሌሊቱን ወረቀት አንጥፈን ባንጠብቅ ኖሮ ያ አዛውንት «ከእናንተ በታች ማን አለ?» ሲሉን «ምን አገባን፣ ባለሙያው ይወቀው» ብለን ባለፍን ነበር። ባለሙያን ማክበርም ቢሆን ሥራውን በእጅ ካልቀመሱት በአፍ ብቻ ይቀራል። ሌላው ደግሞ «የድሀውን እንጀራ ትቀማላችሁ» ብሎናል። ለዚህ መልሱ አጭር ነው፦ አዛውንቱ ራሳቸው ከገቢያቸው ብዙው ሰው አበላሽቶ የሚጠራቸው ሥራ መሆኑን ነግረውናል።

እኛ የደረስንበት ይኸ ነው። ይገባዋል፤ ግን ሥራውን ገልጦ ይተው። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ አይቅበር፣ ግድግዳ ውስጥ አይደብቅ፤ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይይለት፣ ከታች ያለው ጎረቤት መጥቶ ይጠይቀው። የሞያ ማነስ በጊዜ ይሞላል። የተደበቀ መጋጠሚያ ግን የሠራው ሰው ቤቱን ለቆ ከሄደ በኋላም በማያውቁት ሰዎች ላይ ይፈስሳል።

ይኸ ነገር ለጎጃም ገበሬ አዲስ አይደለም። መስኖ በሚጠቀምበት ቀበሌ «የውኃ አባት» የሚባል ሰው ይመረጣል። ቦዩን የሚያስጠርገው፣ ተራውን የሚያወጣው፣ ከራስጌ ያለው በግርጌ ያለውን ሲያስደርቅ የሚዳኘው እሱ ነው። ከመሸንቲ አለፍ ብሎ መራዊ ላይ ቆጋ ግድብ ተሠርቶ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ሲታቀድ፣ ኢንጂነሩ የሚያሰላው ሲሚንቶውን ነው፤ ከራስጌና ከግርጌ ያለው ሰው ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ መነጋገር አለበት። ቦይ ዓይን የሚያየው ነገር ስለሆነ ገበሬው ከበታቹ ማን እንዳለ ያውቃል። ቧንቧ መሬት ውስጥ ስለገባ እኛ ከተሜዎቹ ረሳነው። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ይመስለናል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ባለፈው ወር የግቢያችን ባለቤት ትንሽ ሞተር ገዝተው መጡ። ውኃው እየደከመ ሮቶው አልሞላ ስላለ ሞተሩን በቀጥታ ከመስመሩ ጋር አገናኝቶ መሳብ ነው አሳቡ። «ቧንቧውን የሠራችሁት እናንተ፣ ይኸንንም ግጠሙልኝ» አሉን። መግጠሙ ከባድ አልነበረም። ነገር ግን ሞተሩ የሚስበው የእኛን ድርሻ ብቻ አይደለም። የመስመሩን ግፊት ጠጥቶ ከታች ያሉትን ቤቶች ያደርቃል፤ መሬት ውስጥ የተሰነጠቀ ቦታ ካለም ግፊቱ ሲወድቅ በዙሪያው ያለው ጭቃ ወደ ውስጥ ይገባል። አይሆንም አልን።

«ከላያችን ያሉት ሁሉ ገጥመዋል እኮ!» አሉን። ሐሰት አልነበረም፤ የሞተሩ ድምፅ በየማታው ይሰማል። እንግዲህ አንባቢ ፍረድ። ሁሉም ከሳበ የማይስበው ሰው ጻድቅ ሳይሆን ውኃ የሌለው ሰው ነው። ደግሞም ጽድቁን የምንሠራው እኛ፣ ጠኔውን የሚቀበሉት እትዬ ናቸው፤ ሊጥ በደረቅ አይቦካም። ከመካከላችን አንዱ «በሌላ ሰው ረሃብ መልካም መሆን ቀላል ነው» ሲል ሌላው ደግሞ «ታዲያ በሌላ ሰው ጥም መጥገብ ይሻላል ወይ?» አለ። ሁለት ማታ ተከራከርን። ሁለቱም ትክክል እንደነበሩ እናምናለን፤ የሥነ ምግባር መምህራን ይኸን ባይወዱም።

በመጨረሻ አዛውንቱ ድሮ ከነገሩን ውስጥ አንድ መላ አወጣን። በርሜል መሬት ላይ ይቀመጣል። ውኃው በገዛ ግፊቱ፣ በመጣለት መጠን፣ ወደ በርሜሉ ይፈሳል፤ የቧንቧው አፍ ከበርሜሉ ጠርዝ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በአየር ላይ ይቀራል። ሞተሩ የሚስበው ከበርሜሉ ነው፤ ከዚያ ወደ ሮቶው ያወጣል። ከጎረቤት ጉሮሮ አንድ ጠብታ አይነጥቅም። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ውኃው በገዛ ግፊቱ የሚመጣው ከላይ ያሉት ሞተራቸውን አጥፍተው ሲተኙ ስለሆነ አንድ ሰው ሌሊት መንቃት አለበት። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ግቢ ሌሊት ለውኃ የሚነሱት ማን እንደነበሩ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል። እትዬና የጎረቤቷ ልጅ።

አምስቱ በር ተሰብስቦ ተራ አወጣ። ወንድ፣ ሴት፣ ተማሪ፣ ነጋዴ አልተባለም። ባለቤቱም ሳይቀሩ አንድ ሌሊት ደረሳቸው፤ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ግን ተቀበሉ። ዝርዝሩ በካርቶን ተጽፎ በቆጣሪው ሣጥን ላይ ተለጥፏል። የእኛ ማክሰኞ ነው። ውኃው ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ይመጣል፤ መጀመሪያ አየሩን እየተነፈሰ ያስላል፣ ቀጥሎ ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። በርሜሉ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በታችኛው ግቢም በዚያው ሰዓት ጀሪካን ሲንኳኳ ይሰማል።